ከኮምቦልቻ ጅዳ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ የአየር ርቀትን በስልክ ካልኩሌተር ማስላት

ጥያቄው የተነሳው ቶናው እየተቀዳ ነው። ደሴ፣ ጎረቤታችን ቤት ቡና ተጠርተን ተቀምጠናል። የሴትየዋ ልጅ ጅዳ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏታል። «አንተ የሂሳብ አስተማሪ አይደለህ? እስኪ ጅዳ ከዚህ ስንት ይርቃል?» አሉኝ። እኔም አፌ ላይ እንደመጣልኝ «ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ አይቀርም፣ እማማ» አልኩ። እሳቸው እጃቸውን ወደ ሰሜን ዘርግተው «ስሰግድ የምዞርበት አይደል እንዴ? በዚሁ ቀጥ ብሎ ነው» አሉ። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው እኔ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስቻለሁ። እሳቸው አቅጣጫውን የሳቱት በሦስት ዲግሪ ያህል ብቻ ነው።

ያን ማታ የሠራሁትን ስሌት ማንም በስልኩ ሊደግመው ይችላል። ኢንተርኔት ላይ ሁለት ከተማ ጽፈን ርቀት የሚነግሩን ገጾች ሞልተዋል፤ ግን ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ካላወቅን ሲሳሳትም አብረን እንሳሳታለን።

መጀመሪያ፦ የቦታዎቹን ቁጥር መያዝ

እያንዳንዱ አውሮፕላን ማረፊያ ሁለት ቁጥር አለው። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ ይናገራል። ኬንትሮስ ደግሞ ለንደን አጠገብ ካለው የግሪንዊች መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ያሳያል። ሁለቱም የሚለኩት በዲግሪ ነው።

ቁጥሮቹን ለማግኘት ጎግል ማፕስን ክፈቱና የማረፊያውን መንደርደሪያ እስኪታያችሁ አቅርቡት። መሐሉ ላይ ጣታችሁን ተጭናችሁ ጥቂት ቆዩ። ቀይ ምልክት ይተከልና ሁለት ቁጥሮች ይመጣሉ፤ የፊተኛው ኬክሮስ፣ የኋለኛው ኬንትሮስ ነው። መንደርደሪያው ላይ ተጫኑ ያልኩት አለምክንያት አይደለም። የደሴ ሰው የሚበረው ከደሴ አይደለም፤ የሃረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ነው የሚሳፈረው። ትኬቱ ላይ ያለው የማረፊያው መለያ ግን «ዲኤስኢ» ነው፣ ከደሴ ስም የተወሰደ። ዋሽንግተንም እንዲሁ ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት ደለስ ከመሐል ከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስለዚህ የከተማውን ሳይሆን የማረፊያውን ቁጥር ያዙ።

እኔ የምጠቀምባቸው እነዚህ ናቸው፦

ኮምቦልቻ፦ ኬክሮስ 11.08፣ ኬንትሮስ 39.71
አዲስ አበባ ቦሌ፦ ኬክሮስ 8.98፣ ኬንትሮስ 38.80
ጅዳ፦ ኬክሮስ 21.68፣ ኬንትሮስ 39.16
ዋሽንግተን ደለስ፦ ኬክሮስ 38.94፣ ኬንትሮስ −77.46

የመጨረሻው ላይ ያለችው የመቀነስ ምልክት ጌጥ አይደለችም። ከግሪንዊች በስተምዕራብ ያለ ኬንትሮስ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ያለ ኬክሮስም፣ ሁሌ የመቀነስ ምልክት ይቀድመዋል። ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ይበቃል፤ የአንድ ዲግሪ መቶኛ 1.1 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ የመንደርደሪያው የትኛው ጫፍ ላይ እንደተጫናችሁ ከመጨነቅ ያድናል።

አንዳንድ ቦታ ቁጥሩ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። የኮምቦልቻ ኬክሮስ 11 ዲግሪ ከ4 ደቂቃ ከ57 ሰከንድ ነው እንበል። ደቂቃውን ለ60፣ ሰከንዱን ለ3,600 አካፍላችሁ ደምሩ፦ 11 + 0.0667 + 0.0158 = 11.0825። ደቂቃውን እንዳለ ከነጥብ በኋላ አስገብቶ 11.457 የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

ለቅርብ መንገድ፦ 111ን መያዝ

ምድርን ዙሪያዋን ብንለካት 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ይህ የአጋጣሚ ቁጥር አይደለም፤ ፈረንሳዮች ሜትርን በመጀመሪያ ሲወስኑት ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ያለው ርቀት 10 ሚሊዮን ሜትር እንዲሆን አድርገው ነው። አራት እጥፉ 40,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ለ360 ዲግሪ ሲካፈል አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምድር አማካይ ራዲየስ 6,371 ኪሎ ሜትር ነው ብለን ጠበቅ አድርገን ስናሰላው ደግሞ 111.19 ይመጣል፤ ከዚህ በኋላ የምጠቀመው ይህን ነው።

አሁን ወደ ጎረቤቴ ጥያቄ። ጅዳና ኮምቦልቻ ኬንትሮሳቸው ተቀራራቢ ነው፣ 39.16 እና 39.71። አንዱ ካንዱ በላይ ነው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ኬክሮሱን መቀናነስ ብቻ ይበቃል፦ 21.68 − 11.08 = 10.60 ዲግሪ። በ111.19 ሲባዛ 1,179 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኬንትሮሱን ትንሽ ልዩነት ጨምሬ ስሠራው 1,180 መጣ። መካማ ከዚህም ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው፤ ኬንትሮሱ 39.83 ስለሆነ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ለሶላት የሚዞረው ወደ ትክክለኛው ሰሜን ነው ቢባል ስህተቱ አንድ ዲግሪ ቢሆን ነው። ኮምፓስ ያልነበራቸው አባቶች ቂብላውን ያገኙት በኮከብና በፀሐይ ነው።

ሁለቱም ቁጥሮች የሚለያዩ ከሆነ ግን አንድ ነገር ይጨመራል። የኬንትሮስ መስመሮች ምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ይጀምሩና ዋልታው ላይ ይገናኛሉ፣ እንደ ብርቱካን ስንጥቅ። ስለዚህ የኬንትሮስ አንድ ዲግሪ ወደ ሰሜን በሄድን ቁጥር እያጠረ ይመጣል። የሚያጥርበትን መጠን የሚሰጠን የኬክሮሱ ኮሳይን ነው (ካልኩሌተሩ ላይ «cos» የሚለው ቁልፍ)። ኮምቦልቻን ከቦሌ እናስላ፦

የኬክሮስ ልዩነት፦ 11.08 − 8.98 = 2.10
የኬንትሮስ ልዩነት፦ 39.71 − 38.80 = 0.91
የሁለቱ ኬክሮስ አማካይ 10.03 ነው፤ ኮሳይኑ 0.985፤ ስለዚህ 0.91 × 0.985 = 0.896
ፓይታጎረስ፦ 2.10 × 2.10 + 0.896 × 0.896 = 5.213፤ ካሬ ሥሩ 2.283 ዲግሪ
2.283 × 111.19 = 254 ኪሎ ሜትር

በመኪና ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር 254 ሲሆን ልዩነቱን የበሉት የደብረ ሲና ቁልቁለትና የቀረው ዳገት ናቸው፤ በአውቶቡስ ተቀምጦ ያየው ሰው አይገርመውም።

የኮምቦልቻ መንገደኛ ግን ጅዳን በቀጥታ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ደቡብ 254 ኪሎ ሜትር ተመልሶ ቦሌ ይወርዳል፤ ከቦሌ ጅዳ በዚሁ ዘዴ 1,413 ኪሎ ሜትር ይመጣል። ድምሩ 1,667። ከቀጥታው በ487 ይበልጣል፤ ሲመለስ ደግሞ ከደሴ በላይ አልፎ ሄዶ እንደገና ወደ ኋላ መምጣት ነው። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው «እኔስ ያልኩት ይሄንኑ አይደል» ብለው አቦሉን እንደ አዲስ አስቀዱ።

ለሩቅ መንገድ ይህ ዘዴ ለምን ይከዳል

በ111 ማባዛትና ፓይታጎረስ ምድርን እንደ ጠረጴዛ ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚያስበው። እስከ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ድረስ ምንም አይል። ከቦሌ ዋሽንግተን ብትሞክሩት ግን 12,274 ኪሎ ሜትር ይሰጣችኋል፤ እውነተኛው በ700 ኪሎ ሜትር ያንሳል።

ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካርታም የዋህ አይደለም። ብዙ የዓለም ካርታ፣ ስልክ ላይ ያለውም ጭምር፣ ጄራርዱስ መርካቶር በ1569 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው ዘዴ የተሳለ ነው (ከመርካቶ ጋር ዝምድና የለውም)። ካርታው አቅጣጫን ይጠብቃል፣ መጠንን ግን ወደ ዋልታ በቀረበ ቁጥር ይለጥጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል መስላ የምትታየው ለዚህ ነው፤ አፍሪካ 14 እጥፍ ትበልጣታለች። በዚህ ካርታ ላይ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በማስመሪያ ብታሰምሩ፣ መስመሩ በቻድ፣ በኒጀርና በማሊ አድርጎ አትላንቲክ ይገባል። ያን መስመር ተከትሎ የሚበር አውሮፕላን 12,092 ኪሎ ሜትር ይደክማል።

አሁን ማስመሪያውን አስቀምጡና ክርና ሉል አምጡ። ሉል ከሌለ ኳስ ይሠራል። የክሩን አንድ ጫፍ አዲስ አበባ ላይ፣ ሌላውን ዋሽንግተን ላይ ይዛችሁ ወጥሩት። ክር ሲወጠር አጭሩን መንገድ ራሱ ያገኛል። ታዲያ በማሊ አያልፍም፤ ከካርቱም ጥቂት በስተምዕራብ፣ በሊቢያ በረሃ፣ በአልጄሪያና በስፔን አድርጎ ነው ውቅያኖሱን የሚሻገረው። ተማሪዎቼ መጀመሪያ ሲያዩት ክሩን የጠመዘዝኩባቸው ይመስላቸዋል። ክሩን አውርዳችሁ በማስመሪያ ለኩት። የሉሉ ወርድ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 94.2 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 425 ኪሎ ሜትር ይቆጠራል። ክሩ 27 ሳንቲ ሜትር ከጥቂት ይሆናል። ካልኩሌተር የሌለው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆምም ከመቶ ሁለት ሦስት እጅ በማይበልጥ ስህተት መልሱን ይዟል።

ዋናው ስሌት

ስልካችሁን አግድም ስታዞሩት ካልኩሌተሩ ሳይንና ኮሳይን ያሉበትን ሰሌዳ ያወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት የ30ን ሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ ዲግሪ ላይ ነው፣ ቀጥሉ። −0.988 ካለ ራዲያን በሚባለው ሌላ የማዕዘን መለኪያ ላይ ነው፤ የዲግሪውን ቁልፍ ነክታችሁ ለውጡት። 0.454 ካለ ደግሞ ግራድ በሚባለው ሦስተኛ መለኪያ ላይ ነው። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ይህን ሳላይ ጥቁር ሰሌዳ ሙሉ ሠርቼ፣ ዋሽንግተንን ደሴ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ብዙም ያልራቀች አድርጌ ክፍል ሙሉ ተማሪ ስቆብኛል።

ቀመሩ ይህ ነው። የመነሻው ኬክሮስ «ሀ»፣ የመድረሻው «ለ»፣ የኬንትሮሶቹ ልዩነት «መ» ይሁን፦

የማዕዘኑ ኮሳይን = (ሳይን ሀ × ሳይን ለ) + (ኮሳይን ሀ × ኮሳይን ለ × ኮሳይን መ)

ማዕዘን ያልኩት የምድር እምብርት ላይ ቆመን አንድ እጃችንን ወደ ቦሌ፣ ሌላውን ወደ ደለስ ብንቀስር በሁለቱ እጆች መካከል የሚፈጠረውን ነው። ያ ማዕዘን ስንት ዲግሪ እንደሆነ ካወቅን ቀሪው በ111.19 ማባዛት ነው።

የኬንትሮስ ልዩነት፦ 38.80 − (−77.46) = 116.26። አንዱ ምሥራቅ ሌላው ምዕራብ ስለሆነ ተደመረ። ልዩነቱ ከ180 ቢበልጥ ከ360 ላይ ቀንሱት፤ በሌላኛው በኩል መዞር ይቀርባል ማለት ነው።

ሳይን 8.98 = 0.1561፣ ሳይን 38.94 = 0.6285፤ ብዜታቸው 0.0981።

ኮሳይን 8.98 = 0.9877፣ ኮሳይን 38.94 = 0.7778፣ ኮሳይን 116.26 = −0.4424፤ የሦስቱ ብዜት −0.3399።

ድምር፦ 0.0981 − 0.3399 = −0.2418።

አሁን የኮሳይንን ግልባጭ ተጫኑ፤ ብዙ ስልክ ላይ ኮሳይን ሆኖ ከላዩ ትንሽ «−1» ያለበት ቁልፍ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ሁለተኛውን ገጽ ስትነኩ ይመጣል። ለ−0.2418 የሚሰጠው 103.99 ዲግሪ ነው።

103.99 × 111.19 = 11,563 ኪሎ ሜትር።

አብራሪዎች የሚያወሩት በባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን የአንድ ዲግሪ ስድሳኛ ነው፤ ስለዚህ ማዕዘኑን በ60 ብታባዙት ወደ 6,240 የባሕር ማይል በቀጥታ ታገኛላችሁ። በየብስ ማይል ለሚፈልግ፣ ኪሎ ሜትሩን ለ1.609 ማካፈል ነው።

ሰው የሚወድቅባቸው ጉድጓዶች

የመቀነስ ምልክቷን ረስታችሁ የዋሽንግተንን ኬንትሮስ 77.46 ብላችሁ ብታስገቡ ካልኩሌተሩ አይቆጣም። 5,085 ኪሎ ሜትር ብሎ ጸጥ ይላል። ያ ቁጥር የዋሽንግተን አይደለም፤ በምዕራብ ቻይና፣ ሺንጂያንግ ውስጥ ያለ ቦታ ርቀት ነው።

ሁለተኛው ጉድጓድ የተንኮለኛ ነው። ዋናው ቀመር ለሩቅ ቦታ ሲሆን ችግር የለውም፤ ለቅርብ ሲሆን ግን ቁጥር ማሳጠር አይወድም። ኮምቦልቻና ቦሌ መካከል ያለው ማዕዘን ኮሳይኑ 0.999206 ነው። ይህን 0.999 ብላችሁ ካሳጠራችሁት 254 የነበረው 285 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከነጥብ በኋላ ያሉትን አኃዞች ካልኩሌተሩ እንደሰጣችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ወይም ለቅርብ መንገድ የፓይታጎረሱን ዘዴ ተጠቀሙ።

ኤክሴል ላይ ለምትሠሩ ደግሞ፣ ኤክሴል የሚያውቀው ራዲያን ብቻ ነው። ዲግሪውን መጀመሪያ በ3.14159 አባዝታችሁ ለ180 አካፍሉ፤ በመጨረሻም የወጣውን ማዕዘን በ111.19 ሳይሆን በ6,371 አባዙት።

ምድርም ድፍን ክብ አይደለችም፤ ምድር ወገብ ላይ ራዲየሷ 6,378፣ ዋልታው ላይ 6,357 ኪሎ ሜትር ነው። በእኛ አካባቢ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ የሚኬድ አንድ ዲግሪ 110.6 ገደማ ስለሚሆን የጅዳው 1,179 በጠባብ ስሌት 1,173 አካባቢ ይወርዳል። ስህተቱ ከመቶ ግማሽ ያህል ነው። ለእኔና ለጎረቤቴ ይበቃል።

ከቁጥሩ እስከ በረራው

ያገኛችሁት የመጨረሻው ዝቅተኛ ርቀት ነው። አውሮፕላን ተነስቶ ይዞራል፣ የተመደበለትን የአየር መንገድ መስመር ይከተላል፣ የተዘጋ የአየር ክልል ካለ ይጠመዘዛል፣ ለማረፍም ተራ ይጠብቃል። ለጊዜ ግምት ረጅም መንገድ የሚበር ጄት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብላችሁ አካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ፦ 11,563 ለ900 ሲካፈል 12.8፣ በድምሩ 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ከፍተኛ ንፋስ ከአሜሪካ ለሚመጣው ይረዳዋል፣ የሚሄደውን ያዘገየዋል። ትኬት ላይ ያለውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት ቀንሳችሁ ርቀት ለማውጣት አትሞክሩ፤ ዋሽንግተን ከእኛ በክረምታቸው 8፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

አንድ ነገር ግን ስሌቱ ብቻውን አይነግራችሁም። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያልፋል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም አቅማቸው ይቀንሳል፤ ይህን ሁሉ መንገድ የሚያደርስ ነዳጅ፣ ተሳፋሪና ጭነት ሞልቶ መነሳት ይከብዳል። የዋሽንግተኑ በረራ ሲሄድ ደብሊን አርፎ ነዳጅ የሞላባቸው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የመጣባቸው ዓመታት ነበሩ። ደብሊን ሩቅ ዙሪያ ይመስላል አይደል? በቀመሩ አስሉት (ደብሊን፦ 53.42፣ −6.27)። ቦሌ–ደብሊን 6,365፣ ደብሊን–ደለስ 5,464፣ ድምሩ 11,829 ኪሎ ሜትር። ከቀጥታው የሚበልጠው በ266 ብቻ ነው። የኮምቦልቻው የጅዳ መንገደኛ ቦሌ ደርሶ በመመለሱ ከሚጨምረው በጣም ያነሰ።

እስኪ አሁን ራሳችሁ ሞክሩ። ከደሴና ከኮምቦልቻ ብዙ ልጆች ወደ ሄዱባት ቤይሩት፣ ከቦሌ ተነስታችሁ (ቤይሩት፦ 33.82፣ 35.49)። በሁለቱም ዘዴ ሥሩት፤ በሁለቱም 2,783 ኪሎ ሜትር መምጣት አለበት። ለዋሽንግተን 700 ኪሎ ሜትር የሳተው ጠፍጣፋው ዘዴ እዚህ ለምን እንዳልሳተ ከገባችሁ ሁለቱን ኬንትሮሶች አይታችኋል ማለት ነው። ሌላ ቁጥር ከመጣ ደግሞ ቀመሩን ከመጠርጠራችሁ በፊት የ30ን ሳይን ጠይቁት።